በትልቅ ሙዚቃዊ ቴአትር ማይክሮፎንና የመድረክ ኢፌክት እንዴት ይሠራል?

በሙዚቃዊ ቴአትር 20 ተዋንያን መድረክ ላይ ወጥተው ሲዘፍኑ በእጃቸው ማይክ ይዘው አይታዩም። ማይኩ ግን አለ፤ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ሆኖ ፀጉር ከሚጀምርበት የግንባር ጫፍ ተሸሽጓል፤ ቀጭን ሽቦው በፀጉር ውስጥ አልፎ በማጅራት በኩል ወርዶ ወገብ ላይ ከታሰረው አስተላላፊ (ድምፁን በሬዲዮ ሞገድ ከሚልከው ትንሽ መሣሪያ) ጋር ይገናኛል። እኔ ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ከሠርግና ከአዳራሽ ኮንሰርት ሲሆን፣ እዚያ የለመድኩትን አብዛኛውን ነገር ቴአትር ቤት ስገባ መተው ነበረብኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው በስህተት ከተማርኩት ነው።

1. ማይኩን ማሰር

ከሁሉ የተሻለው ቦታ የግንባር መሃል ነው፤ ተዋናዩ አንገቱን ወደየትም ቢያዞር ማይኩ ከአፉ ያለው ርቀት አይለወጥም። ፀጉር ለሌለው ወይም ቆብ ለሚያደርግ ተዋናይ ከጆሮ በላይ ይታሰራል። ደረት ላይ ማሰር ለዜና አንባቢ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለሚዘፍን ሰው አይሆንም፤ አገጭ ድምፁን ይከልለዋል፣ ልብሱም እየታሸ ይንኮሻኮሻል። ሹሩባ የተሠራች ተዋናይት ለድምፅ ባለሙያ በረከት ናት፤ በጉንጉኖቹ መካከል ያለው መስመር ሽቦውን ያለ ፕላስተር ይይዝለታል። ነጠላ ከራስ ላይ የሚጣልበት ትዕይንት ካለ ግን ከአልባሳት ክፍሉ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ጨርቁ ማይኩን በነካ ቁጥር አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል።

ላብን በተመለከተ ሽቦው ወደ አስተላላፊው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞሮ ቀለበት እንዲሠራ ያድርጉ፤ በሽቦው ላይ የሚወርደው ላብ ወደ መሰኪያው ሳይገባ ከቀለበቱ ጫፍ ይንጠባጠባል። አስተላላፊውን ለመጠቅለል በብዙ አገር ያሉ የቴአትር ድምፅ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ቅባት የሌለው ኮንዶም ነው። መጀመሪያ ቀን ተዋንያኑ ይስቃሉ፤ የሚደንሰው ሰው አስተላላፊ ላብ ገብቶበት ከተበላሸ በኋላ ግን የሚስቅ የለም።

2. ሞገድ መደልደል

እያንዳንዱ አስተላላፊ የራሱ ሞገድ እንደሚያስፈልገው ማንም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሁለት አስተላላፊዎች ተቀራርበው ሲሠሩ ማንም ያላዘዘው ሦስተኛ ሞገድ መፈጠሩን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአንዱን እጥፍ ወስዶ ሌላውን መቀነስ ነው። አንዱ በ600.0 ሌላው በ600.4 ሜጋኸርዝ ቢሠሩ የ600.4 እጥፍ 1200.8 ነው፤ ከዚህ ላይ 600.0 ሲቀነስ 600.8 ይገኛል። በተቃራኒው ቢሰላ ደግሞ 599.6 ይመጣል። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ሌላ ማይክ ካስቀመጡ በገዛ እጅዎ አውከውታል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ 12 አስተላላፊዎችን ከ600 ሜጋኸርዝ ጀምሬ በ0.4 እኩል ልዩነት ደረደርኳቸው። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ውበቱ ልዩ ነበር። በልምምድ ቀን ተዋንያኑን አንድ በአንድ እየጠራሁ አናገርኳቸው፤ የሁሉም ድምፅ ጥርት ያለ ነበር። በመክፈቻው ምሽት በሠርጉ ትዕይንት ሁሉም በአንድነት ወጥተው ሙሽራዋን ከበቧት። አስተላላፊው ከወገቧ በስተጀርባ ስለታሰረ ፊቷን ወደ አንቴናው ባዞረች ቁጥር ሰውነቷ ሞገዱን ይጋርደዋል፤ በዚያች ቅጽበት በእሷ ቻናል ላይ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ያለ ድምፅ ይንጫጫ ጀመር። በዕረፍቱ ማይኩን ለወጥኩ፣ ባትሪውን ለወጥኩ፣ ምንም አልተሻሻለም። ጥፋቱ የማይኩ አልነበረም፤ እኩል ልዩነት ከሁሉ የከፋው አደራደር ነው፤ የማንኛቸውም ጎረቤታሞች ስሌት ቀጥሎ ካለው ማይክ ላይ ያርፋልና።

ስለዚህ ልዩነቶቹ እኩል አይሁኑ። ስሌቱን በእጅ መሥራት ከአምስት ማይክ በላይ አያዋጣም፤ ዋየርለስ ወርክቤንች የተባለው የሹር ኩባንያ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይገኛል፣ ይሠራልዎታልም። ፍተሻውን ግን ለኮምፒውተር አይተዉት። ተዋንያኑ በሙሉ አስተላላፊያቸውን ከፍተው መድረክ ላይ ይቁሙ፤ ከዚያ አንዱን ብቻ ያጥፉና ተቀባዩን (የዚያን ማይክ ሞገድ የሚቀበለውን መሣሪያ) ይመልከቱ። ባለቤቱ ጠፍቶ ሳለ ተቀባዩ አሁንም ሞገድ አለ ብሎ ካሳየ ያ ሞገድ የተበላሸ ስለሆነ ይለውጡት። እንዲህ እያሉ ሁሉንም ያዳርሱ። 20 ማይክ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ አዘጋጁ ቢቆጣም ግማሽ ሰዓቱን ይውሰዱ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ያገለገለ ማይክ በርካሽ ሲገኝ ደግሞ ምክንያቱን ይጠይቁ። እዚያ አገር ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ለስልክ ኩባንያዎች በመሰጠቱ የማይክ ተጠቃሚዎች ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በእነዚህ ሞገዶች እንዳይሠሩ ተከልክለዋል፤ ርካሹ ዕቃ ብዙ ጊዜ የዚህ ወገን ነው። በኢትዮጵያ የሞገድ ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ዕቃው ጉምሩክ ከመድረሱ በፊት መጠየቁ ይሻላል።

3. ባትሪ

ለእያንዳንዱ ትርዒት አዲስ ወይም ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ ይግባ። «ትናንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሠራው» የሚባል ክርክር የለም።

4 እና 5. ከቃል ወደ ቃል መክፈትና መዝጋት

በኮንሰርት ልምዴ ሁሉንም ማይክ ከፍቼ ሚዛኑን አስተካክዬ እቀመጥ ነበር። በቴአትር ይህ አይሆንም። የተከፈቱት ማይኮች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ በማይኩ ገብቶ ከመጮኹ በፊት ያለን የማጉያ አቅም በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይቀንሳል፤ ከ1 ማይክ ወደ 16 ስንሄድ 12 ዴሲቤል አጣን ማለት ነው። ስለዚህ በሚክሰሩ ፊት የሚቀመጠው ሰው ጽሑፈ ተውኔቱን ገልጦ፣ የሚናገረውን ሰው ማይክ ቃሉ ከመጀመሩ በፊት ይከፍታል፤ ሲጨርስ ይዘጋል። በአንድ ትርዒት ውስጥ ይህ በመቶዎች ጊዜ ይደጋገማል። ጽሑፉን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ ልምምድ ላይ ስለሚለዋወጥ በእስክሪብቶ አይጻፉ።

ከሁሉ የሚከብደው ሁለት ተዋንያን ፊት ለፊት ተጠጋግተው የሚዘፍኑበት ትዕይንት ነው። የእሷ ድምፅ በራሷ ማይክ ከገባ በኋላ 1 ሺህኛ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ በእሱም ማይክ ይገባል። ሁለቱ ሲደባለቁ ገሚሱ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋና ጋን ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ሰው ይመስላል። መድኃኒቱ ሲተቃቀፉ የአንዱን ማይክ ዘግቶ ሁለቱንም በቀረው ማይክ ማሰማት ነው፤ ሲለያዩ ደግሞ መልሶ መክፈት። የትኛው እንደሚዘጋ የሚወሰነው በልምምድ ነው፤ እኔ ብዙ ጊዜ ጉልበት ያለውን ድምፅ ማይክ ዘግቼ የለስላሳውን እተወዋለሁ።

አንዳንዶች በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ይመርጣሉ። ለስብሰባ ጥሩ ነው። ለቴአትር ግን መሣሪያው የሚከፍተው ድምፅ ከሰማ በኋላ በመሆኑ የቃሉን መነሻ ይበላዋል፤ በሹክሹክታ የተነገረ «አልወድሽም» «ወድሽም» ሆኖ ከወጣ ታሪኩ ተበላሸ።

6. ስፒከሮች

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ከመድረኩ 20 ሜትር ርቆ ከሰገነት ሥር የተሰቀለ ስፒከር ድምፁ በሽቦ ወዲያው ስለሚደርሰው ሆን ተብሎ ወደ 58 ሺህኛ ሰከንድ ያህል ካልዘገየ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ቃሉን ሁለት ጊዜ ይሰማዋል። በዚህ ላይ ከ10 እስከ 15 ሺህኛ ሰከንድ ቢጨምሩ ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ስለሚከተል ድምፁ ከተዋናዩ አፍ የመጣ ይመስላል።

7. ጉም፣ ጭስና ሌሎች ኢፌክቶች

በአየር ላይ ተንሳፍፎ የመብራቱን ጨረር የሚያሳየው ስስ ጭስ ከማሽን ይወጣል፤ እሱን ከመክፈት በፊት የአዳራሹን የእሳት ማስጠንቀቂያ ኃላፊ ያነጋግሩ። እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ የሚነጠፈው ጉም ግን ብዙውን ጊዜ ከደረቅ በረዶ ይሠራል። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች በ78.5 ዲግሪ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሳይቀልጥ በቀጥታ ጋዝ ይሆናል፣ 1 ኪሎው ከ500 ሊትር በላይ ይወጣዋል። በባዶ እጅ አይነካም። ከዚህ የሚብሰው ጋዙ ከአየር 1.5 እጥፍ ያህል የሚከብድ በመሆኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መፍሰሱ ነው። በትልቅ ሙዚቃዊ ቴአትር ዝቅተኛው ቦታ ከመድረኩ ፊት ያለው የሙዚቀኞች ጉድጓድ ሲሆን፣ ትንፋሻቸውን ስበው መሣሪያ የሚነፉት እዚያ የተቀመጡት ናቸው። ስለዚህ ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ማገጃ ይደረጋል፣ በጉድጓዱ ውስጥ አየር ማውጫ ይሠራል፣ የጋዝ መለኪያም ይቀመጣል፤ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን በአማካይ ሊታለፍ የማይገባው መጠን 0.5 በመቶ ነው። መድረክ ላይ ተኝተው የሚተውኑ ካሉም ይህንኑ ያስቡላቸው።

የጭስ ማሽን ሲተፋ ይፏጫል፤ የዳንስ ቤት ርካሽ ማሽን ደግሞ ከእባብ ይብሳል። ከማሽኑ አጠገብ የሚቆመው ተዋናይ ማይክ በዚያ ሰዓት ዝግ እንዲሆን፣ አለዚያም ጭሱ ሙዚቃው በሚያይልበት ቦታ እንዲለቀቅ ያድርጉ። በዚህ ምክንያት ከኢፌክቶች ሁሉ የምወደው ስስ መጋረጃን ነው። ከፊቱ በጎን ሲበራበት ግድግዳ ይመስላል፤ የፊቱ መብራት ጠፍቶ ከኋላው ሲበራ ይጠፋና የተሸሸገው ሰው ይታያል። ድምፅ የለውም።

ተዋናይን በገመድ ማብረርና ከመድረክ ሥር ወለሉ ላይ በሚከፈት በር ማውጣት ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ ነው። የድምፅ ሰው ድርሻ ማንጠልጠያው ቀበቶ አስተላላፊውን እንዳይጫነው ወደ ጭን ወይም ወደ ዊግ ውስጥ ማዛወር ነው።

8. ትዕዛዝ

ነጎድጓዱም፣ መብራቱም፣ ጭሱም፣ ማይኩም የሚታዘዙት በአንድ ሰው ነው፤ የመድረክ ኃላፊው በጆሮ ማዳመጫ መጀመሪያ «ተዘጋጁ» ይላል፣ ቀጥሎ «ሂዱ» ይላል። ከሁለተኛው ቃል በፊት ማንም እጁን አያንቀሳቅስም። ለዕረፍት መጋረጃው እንደወረደ አንድ ሰው ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ይሮጣል፤ ሙሽራዋን፣ ንጉሡንና የደነሱትን በሙሉ አንድ በአንድ በጆሮው ያዳምጣል፣ ላብ የነካውን ማይክ ይለውጣል፣ ፕላስተሩን እንደገና ይለጥፋል፤ ይህ ሁሉ ደወሉ እስኪደወል ባሉት 15 ደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት።