ተያዥ አለኝ ብላችሁ አትተኙ፤ በጽዳት ሥራ ዋስትና ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከፍኖተ ሰላም ደብረ ማርቆስ ድረስ ልታማክረኝ መጣች። አምስት ሠራተኛ ቀጥራ የቢሮና የሆቴል ጽዳት ጀምራለች። «ዋስትናሽስ?» አልኳት። «አያስቡ እትዬ፣ ሁሉም ተያዥ አላቸው» አለችና ፋይሏን ዘረጋችልኝ።

የመጀመሪያውን ወረቀት ሳየው ክው አልኩ። ፎቶ አለው። ማኅተም አለው። ምስክሮች ፈርመውበታል። ጽሑፉ ግን «ለምታጠፋው ማንኛውም ንብረት ኃላፊ ነኝ» ብሎ ያበቃል። እስከ ስንት ብር? አልተጻፈም። አምስቱም እንደዚያው ናቸው።

እባካችሁ ይህን ስሙኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922፣ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ የዋስትናው ውል አይጸናም ይላል። «ማንኛውም» የሚለው ቃል ሁሉን የሚሸፍን ይመስላል። ቁጥር ካልተከተለው ግን ባዶ ነው። ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። አንዲት ሠራተኛዬ ከደንበኛ ቢሮ ላፕቶፕ ይዛ ጠፋች። ተያዧ አጎቷ ነበሩ። ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። «ፈርሜያለሁ ልጄ፤ ግን ስንት ብር ብዬ ነው የፈረምኩት?» አሉኝ። ጠበቃ ዘንድ ስሄድም መልሱ ያው ሆነ። ላፕቶፑን ከኪሴ ተካሁ። ያን ወር ለሠራተኞቼ ደመወዝ የከፈልኩት ተበድሬ ነው።

ስለዚህ ብሩን በአኃዝም በፊደልም ጻፉ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ተያዡ ደመወዝተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያምጣ።

ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚሸጡት የሠራተኛ ታማኝነት ዋስትናም አለ። ፊደሊቲ ይሉታል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ የሚሸፍነው የእናንተን ንብረት ብቻ ነው ወይስ የደንበኛውንም? የእኛ ሠራተኛ የምትውለው ሰው ቤት ነው። የደንበኛው ንብረት ካልተካተተ ለእኛ ብዙም አይጠቅምም።

«ሦስተኛ ወገን አለኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ያ የመኪናው ነው። በአዋጅ 799/2005 ተሽከርካሪ ሁሉ ሊኖረው የሚገባው መድን ማለት ነው። እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራትቶ እግሩ ለተሰበረ የሆቴል እንግዳ አይከፍልም። ለዚያ የሚሆነው የሕዝብ ኃላፊነት መድን የሚባለው ነው።

እሱንም ቢሆን አንብቡት። ብዙ ጊዜ የምታጸዱትን ንብረት ራሱን አይሸፍንም። አንድ ሠራተኛዬ እብነ በረድ ወለል ላይ የሴራሚክ ማጽጃ አሲድ አፈሰሰ። ነጭ አረፋ ኩፍ አለ። ሲታጠብ የሚያብረቀርቀው ድንጋይ ደብዝዞ፣ በጣት ሲነኩት ይሻክር ነበር። መድኑ «ሥራ ላይ የነበረ ንብረት ነው» ብሎ አልከፈለም። አሁን አሲድ ያለ እኔ ፈቃድ ከመጋዘን አይወጣም። ከበረኪና ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ ከገባማ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ነው፤ ሰው ይጎዳል።

ስለ ሰው ካነሳን፣ ሠራተኛችሁን አትርሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። መሥራት ካልቻለች የመጀመሪያውን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዟን ትከፍላላችሁ። ቀጣዩን ሦስት ወር ከ75 በመቶ አያንስም። ከዚያ በኋላ ላለው ስድስት ወር ደግሞ ከ50 በመቶ። መሰላል ላይ ወጥታ መስታወት የምትወለውል ልጅ ካላችሁ የሠራተኛ ጉዳት መድን ሳትገቡ አታሰማሯት።

ጨረታ ላይ የሚሠራው ስህተት ሌላ ነው። በኩር ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አይተው ሰነድ ይገዙና ለጨረታው የሚያዘውን ዋስትና፣ የማስከበሪያውን ዓይነት ሳያነቡ ይገባሉ። ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ሲጠየቅ የኢንሹራንስ ቦንድ (ኢንሹራንስ ኩባንያ የሚጽፈው የዋስትና ወረቀት) ይዞ ሄዶ የወደቀ አውቃለሁ። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጃችሁ ደግሞ ያደራጃችሁ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የዋስትና ደብዳቤ በማስከበሪያው ፈንታ ይያዝላችሁ እንደሆነ ሰነዱን እዩ። ካሸነፋችሁ በኋላ የውል ማስከበሪያ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ የውሉ 10 በመቶ ነው። ቦንድ ደግሞ መድን አይደለም። ኩባንያው ስለ እናንተ ከከፈለ ዞሮ ከእናንተ ይቀበላል። ለዚህም ነው መያዣ የሚጠይቀው።

የመድን ውሉ (ፖሊሲው) የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ ከተጻፈ ወደኛ አቆጣጠር መልሳችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ልጅቷ ማክሰኞ ደወለችልኝ። ከአምስቱ ተያዦች ሦስቱ ብሩ ተጽፎ እንደገና ፈርመዋል። ሁለቱ ቁጥሩን ሲያዩ እምቢ አሉ።