ፊልም በሬቲንግ አይመረጥም

«አንድ ጥሩ የውጭ ፊልም ጠቁመኝ» ይሉኛል። እጠቁማለሁ። ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ ግን ተቀይሮ አያውቅም፦ «ሬቲንጉ ስንት ነው?» ስለ ምን ነው የሚል የለም። ማን ሠራው የሚልም የለም። ትዕግሥቴ ስላለቀ ፊልም ስንመርጥ የምንሠራቸውን ስህተቶች ልዘርዝር፤ ከዚሁ ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ከ7 በታች አላይም»

አይኤምዲቢ በሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ የምታዩት ቁጥር ተመልካች ከ10 የሰጠው ድምፅ ነው። ድምፅ አሰጣጡ ደግሞ ከዘውግ ዘውግ ይለያያል። አስፈሪ ፊልም 6.5 ካለው እኔ ሳላመነታ አየዋለሁ። ኮሜዲም እንደዚያው። የሚያስፈራንና የሚያስቀን ነገር አንድ አይደለም። አንዱ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ 10 ይሰጣል፣ ሌላው እያዛጋ 3 ይሰጣል፣ ቁጥሩ መሀል ላይ ይቀራል። ዶክመንተሪ የሚከፍተው ግን ርዕሱን አስቀድሞ የወደደ ሰው ነው። ስለዚህ 8 ማግኘት ያን ያህል አይከብደውም። አስፈሪውን ከአስፈሪ፣ ዶክመንተሪውን ከዶክመንተሪ ጋር አወዳድሩ።

ተከታታይ ፊልም ላይማ ነገሩ ይብሳል። አምስተኛው ሲዝን ድረስ ቆይቶ ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? የወደደው ነዋ! የሰለቸው ሦስተኛው ክፍል ላይ ጥሎ ሄዷል። «የመጨረሻው ሲዝን 9.2 ነው» ስትሉኝ እኔ የሚታየኝ የቀሩት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የሃያስያንን አስተያየት የሚሰበስበው ድረ ገጽ፣ የሮተን ቶማቶስ ፐርሰንት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። 95 በመቶ ማለት ፊልሙ ከ100 95 አገኘ ማለት አይደለም። ከ100 ሃያስያን 95ቱ ወደዱት ማለት ነው፤ ምን ያህል እንደወደዱት አይናገርም። ሁሉም «አይከፋም» ብለው ያለፉት ፊልም 100 በመቶ ሊይዝ ይችላል። ግማሹ ያበደለት፣ ግማሹ የተጸየፈው ፊልም 50 ላይ ይቀራል። ምረጥ ብባል እኔ ሁለተኛውን ነው የማየው። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ! ነገም አንዱ መጥቶ «95 ነው እኮ» ይለኛል።

የቦክስ ኦፊስ (የሲኒማ ቤት ቲኬት) ገቢም ያው ነው። «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን» በ1994 ሲኒማ ቤት ሲገባ ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። የታወቀው በኋላ በቪዲዮ ካሴትና በቴሌቪዥን ነው።

ትሬለሩን እስከ መጨረሻ ማየት

ትሬለር፣ ማለትም የፊልሙ አጭር ማስታወቂያ፣ የሚሠራው ለመሸጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀውም ዳይሬክተሩ ሳይሆን የማስታወቂያ ሰው ነው። የ2000ው «ካስት አዌይ» ትሬለር ደሴት ላይ የቀረው ሰውዬ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ቁጭ አድርጎ አሳይቷል። ታዲያ ፊልሙን ምን ብላችሁ ትጨነቁበታላችሁ? በተቃራኒው ደግሞ የ2011ዱ «ድራይቭ» አለ። ዝምተኛ፣ ቀስ ያለ፣ ድንገት ደም የሚረጭ ፊልም ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዲት ተመልካች ትሬለሩ የመኪና እሽቅድድም ፊልም አስመስሎ አታለለኝ ብላ ፍርድ ቤት ሄዳለች። የመጀመሪያዎቹ 40 ሰከንዶች ይበቃሉ። የፊልሙን መንፈስ ያሳያችኋል፣ መጨረሻውን አይነግራችሁም።

ካርቱን ነው ብሎ ለልጅ መክፈት

ይህኛው ያናድደኛል። ምክንያቱም የሚያለቅሰው መራጩ አይደለም። አንድ የማውቀው አባት «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ»ን ሽፋኑን ብቻ አይቶ ለልጆቹ ከፈተላቸው። በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ወንድምና እህት በረሃብ ሲያልቁ የሚያሳይ የጃፓን አኒሜሽን ነው። ማታ ማን ያስተኛቸው! የሚገርመው፣ ስህተቱ የአባትየው ብቻ አይደለም። በ1988 ጃፓን ውስጥ ራሱ ይህ ፊልም የታየው ከ«ማይ ኔይበር ቶቶሮ» ጋር ተጣምሮ ነው። ቶቶሮ ለሕፃን የሚሆን፣ ልብ የሚያሞቅ ፊልም ነው። ሁለቱም የዚያው የስቱዲዮ ጂብሊ ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ የስቱዲዮ ስም እንኳ ዋስትና አይሆንም። የዕድሜ ገደቡን እዩ። ገደቡ አጠገብ የተጻፈውን ምክንያት ደግሞ ከገደቡ በላይ አንብቡ።

አንደኛውን ስለወደዱ ሁለተኛውንም አንድ ዓይነት ነው ብሎ መጠበቅ

በ1979 ሪድሊ ስኮት የሠራው «ኤሊየን» በጠበበ መርከብ ውስጥ የሚያስጨንቅ አስፈሪ ፊልም ነው። በ1986 ጄምስ ካሜሮን ያስከተለው «ኤሊየንስ» ግን ወታደርና መትረየስ የሞላበት አክሽን ነው። ሁለቱም ግሩም ናቸው። ጭንቀት ፈልጎ ሁለተኛውን የሚከፍት ሰው ግን ያዝናል። ዳይሬክተሩ ከተቀየረ ፊልሙም ተቀይሯል ብላችሁ ጀምሩ። ሰው ተዋናይ ተከትሎ ፊልም ይመርጣል፤ እኔ ዳይሬክተርና ጸሐፊ ብትከተሉ ነው የምመክረው። ተዋናይማ ለገንዘብም ይሠራል።

ርዝመቱን ሳያዩ ተከታታይ መጀመር

የየአገሩ ልማድ የተለያየ ነው። የኮሪያ ድራማ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ወይም በ16 ክፍል ታሪኩን ጨርሶ ይሰናበታል። የእንግሊዞቹ በአንድ ሲዝን 6 ክፍል ብቻ ቢኖራቸው አትደንግጡ። የቱርኮቹ እዚያው አገራቸው ሲታዩ አንዱ ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ለውጭ ሲሸጡ ይቆራረጡና ቁጥራቸው ይበዛል። የእንግሊዙ «ዘ ኦፊስ» በሁለት ሲዝን 12 ክፍል ሠርቶ በገና ልዩ ዝግጅት አበቃ። የአሜሪካው 9 ሲዝን ሄደ።

ጊዜ ለሌለው ሰው ሚኒሲሪስ፣ ማለትም በጥቂት ክፍል የሚያልቅ ተከታታይ፣ ይሻለዋል። የ2019ኙ «ቸርኖቢል» 5 ክፍል ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። ያላለቀ ተከታታይ መጀመር ግን አልከለክልም። ብቻ መሀል ላይ ሊሰረዝ እንደሚችል እያወቃችሁ ግቡ።

«እስከ ሁለተኛው ሲዝን ታገስ፣ ከዚያ ይጣፍጣል» የሚላችሁን ደግሞ አትስሙ። ሁለት ክፍል አይታችሁ የማንም ነገር ካላሳሰባችሁ ዝጉት።

የተቆረጠ ቅጂ

የሰርጂዮ ሊዮኔ «ወንስ አፖን ኤ ታይም ኢን አሜሪካ» በ1984 ሲወጣ 229 ደቂቃ ነበር። የአሜሪካው አከፋፋይ ወደ 139 ደቂቃ አሳጠረው። ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ታሪክም በጊዜ ቅደም ተከተል ደረደረው። ፊልሙ ተገደለ ማለት ይቻላል። «አየሁት፣ ምንም አልገባኝም» ካላችሁ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ስንት ደቂቃ ነበር ብዬ ነው።

ዳግም የተሠራውን ከዋናው ማስቀደም

በ2003 የወጣው የኮሪያው «ኦልድቦይ» እያለ የ2013ቱን የአሜሪካ ቅጂ የምታዩበት ምክንያት አይታየኝም። ምስጢሩ አንዴ ከተበላ ተበላ። «ዘ ዲፓርትድ» ለየት ይላል። ከሆንግ ኮንጉ «ኢንፈርናል አፌርስ» ተወስዶ የተሠራ ቢሆንም በራሱ ይቆማል። ኦስካርም ወስዷል።

የተዋናዮቹ ድምፅ በሌላ ድምፅ የተተካበትን ቅጂ ሳይሆን ሰብታይትል ያለውን ምረጡ። ትወናው ግማሹ ድምፅ ነው።

አንድ ቀረኝ። ተከታታይ ጀምራችሁ «ይቺን ልጅ የት ነው የማውቃት?» ብላችሁ አይኤምዲቢ ላይ የተዋናዮቹን ዝርዝር አትክፈቱ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ስንት ክፍል ላይ እንደተጫወተ ይጽፋል። ታሪኩ 60 ክፍል ሆኖ የምትወዷት ልጅ ጎን «13 ክፍል» የሚል ካያችሁ፣ በቃ፣ ገብቷችኋል።