ለዘወትር የሚሆን የብር አምባር ሲመርጡ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ለዘወትር የሚደረግ የብር አምባር ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ ከቅርጹ ውበት በፊት ውፍረቱንና ብየዳውን ቢመረምር ይበጀዋል። ንጹሕ ብር በባሕርዩ ለስላሳ በመሆኑ አንጥረኞች መዳብ ይቀላቅሉበታል፤ 925 የሚል ማኅተም ያለበት አምባር ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው። ከጠገራ ብር፣ ማለትም ከማርያ ትሬዛ ሳንቲም፣ ቀልጦ የተሠራው ደግሞ፣ የሳንቲሙ የብር ይዘት 83 ከመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ማኅተም ባይኖረውም ይጠነክራል፤ ሥራ ለሚበዛበት እጅ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ማግኔት የሚስበውን አምባር ይተዉት፤ ይሁንና መዳብና ነሐስም ስለማይሳቡ፣ አለመሳቡ ብቻውን ብርነቱን አያረጋግጥም።

አፉ ክፍት የሆነውን አምባር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘው በቀስታ ይጫኑት፤ ወዲያው የሚታጠፍ ከሆነ ስስ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነው ሲያዩት ወፍራም ቢመስልም አንዴ ከተሰረጎደ ለማቅናት ያስቸግራል። ጌጥ የተበየደበት ከሆነ ገልብጠው ብርሃን ላይ ይመልከቱት፤ በብየዳው መስመር ላይ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ከታየ ጌጡ ውሎ አድሮ ይነቀላል።

አምባሩን ባጠለቁና ባወለቁ ቁጥር አፉን መለጠጥ ከአፉ ትይዩ ባለው ጀርባው ላይ ስለሚሰነጥቀው፣ በእጅ አንጓ ጎን በኩል አዙሮ ማስገባት ይሻላል፤ በረኪና ብርን ስለሚያጠቁር ልብስ ሲያጥቡ ያውልቁት።