ትጠገን ወይስ ትሸጥ? ኮሮላዬን በደብተር የመዘንኩበት መንገድ

መኪናዬ የ1998 ሞዴል ኮሮላ ናት። ከአያት ኮንዶሚኒየም ስታዲየም አካባቢ እስካለው መሥሪያ ቤቴ በየቀኑ ታመላልሰኛለች። ሥራዬ ሒሳብ ነው። እናም "ይቺ መኪና ገንዘቤን ጨረሰችው" እያልኩ ከማማረር ባለፈው ዓመት ደብተር ገዛሁ። እናንተም ከዚሁ ጀምሩ።

ደብተሩን ለሦስት ክፈሉት። የመጀመሪያው ሰርቪስ ነው፦ ዘይት፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ። ይሄ አዲስ መኪና ብትገዙም አይቀርላችሁም፤ ስለዚህ በአሮጌዋ ላይ አትቁጠሩባት። ሁለተኛው ብልሽት ነው። ሦስተኛው ጋራዥ የዋለችባቸው ቀናትና በእነዚያ ቀናት ለራይድ የከፈላችሁት። ብዙ ሰው ሦስቱን አንድ ላይ ደምሮ ይደነግጣል። የእኔ ብልሽትና ራይድ በ12 ወር 96 ሺህ ብር ሆነ። በወር 8 ሺህ ማለት ነው።

ከዚህ ውስጥ ትልቁ የሞተር ነው። ሞተር ላይ ደግሞ መቸኮል አያስፈልግም። መኪናዬ ቆማ ስትነሳ መንቀጥቀጥ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት ጀመረች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍተው ትንሽ አዳመጡና "ሞተሩ ይውረድ፣ ሙሉ እድሳት ነው፣ 140 ሺህ ብር" አሉኝ። ያን ዕለት ልሸጣት ቆርጬ ለደላላ ሁሉ ደውዬ ነበር። ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ላከችኝ።

"ልጄ፣ ሳይለካ አይፈታም" አሉኝ። ካንዴላዎቹን አውጥተው የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት፣ በፒ.ኤስ.አይ. ለኩ። ሦስቱ 170 ገደማ ሆኑ። አንዱ 110 ላይ ቀረ። በዚያኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨመሩና እንደገና ለኩት። ቁጥሩ ከፍ ቢል ኖሮ ያለቀው ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ነው ማለት ነበር፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ይደፍነዋልና። ከፍ አላለም። ችግሩ ከላይ፣ ቫልቩ ላይ ነበር። ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ብቻ ወርዶ ተሠራ። ጉርኒሲዮኑን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል የሚገባውን መድፈኛ) ጨምሮ 42 ሺህ ብር ከፈልኩ።

ስለዚህ "ሙሉ እድሳት" ለሚል ሰው እሺ ከማለታችሁ በፊት ይህ ልኬት ይደረግ በሉ። ረጅም ሰዓት አይፈጅም። ጭሱንም ተመልከቱ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ካለና የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ጉርኒሲዮኑን ጠርጥሩ።

"ጥገናው የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ካለፈ ሽጣት" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ይህ አይሠራም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ። የአሮጌ መኪና ዋጋ ከዕድሜው ጋር የሚወርድበት ምክንያት ጠፋ። ለእኔዋ 1.1 ሚሊዮን ብር ሰጥተውኛል። የዚህ ግማሽ 550 ሺህ ነው። ይህን ያህል ብር ለዚህች መኪና ጥገና ማውጣት ጨርሶ ልክ አይደለም።

የሚሻለው በወር ማሰብ ነው። ያየኋት የኤሌክትሪክ መኪና 3.2 ሚሊዮን ብር ናት። ኮሮላዬን ሸጬ የምጨምረው 2.1 ሚሊዮን ነው። በ5 ዓመት ሲካፈል በወር 35 ሺህ፣ ያውም የባንክ ወለድ ሳይገባበት። የእኔዋ ብልሽት 8 ሺህ፣ ቤንዚኗም 8 ሺህ ያህል፤ በድምሩ 16 ሺህ። ኤሌክትሪኳ ከቤንዚን ታሳርፈኛለች፤ ግን የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ቻርጅ የማደርግበት የራሴ ቦታ የለኝም። ግቢ ያለው ሰው ሒሳቡ ከእኔ ይለያል።

ያገለገለች ቪትዝ የምታስቡ ከሆነ የስም ማዞሪያውንና የደላላውን ጨምሩበት። የማታውቁትን የሌላ ሰው ብልሽትም አብራችሁ ትገዛላችሁ።

እኔ የማልደራደርበት ነገር ዝገት ነው። ሞተር ይቀየራል፤ ሻንሲ (መኪናዋን ከሥር የሚሸከመው ብረት) የበሰበሰባት መኪና ግን ሰው ትገድላለች። ከሥሯ ግቡና በካቻቪቴ ጫኑ፤ ከሰረገ በቃ። ሾኩ የሚታሰርበትን ቦታ በተለይ እዩ። ቀለም ከተቀባ ማግኔት አስጠጉበት፤ ካልያዘ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው።

የእኔዋ ከኋላ ጎማው በላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዝገት አላት። በደብተሩ ላይ ለክቼ ጽፌያታለሁ። ክረምቱ ሲወጣ እንደገና እለካታለሁ። ወደ ሻንሲው ከወረደች እሸጣታለሁ፤ ለሚገዛኝ ሰውም ደብተሩን አብሬ እሰጠዋለሁ።