ኬሚስትሪ ደረሳችሁ? እንግዲያው ቢዩሬቱን ያዙ

የምሠራው የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ላብ ውስጥ ነው። አዲስ ተመራቂ ሲመጣ የተግባር ፈተና የምሰጠው እኔ ነኝ። ምክሬም ከዚያው ጠረጴዛ የመጣ ነው።

ብዙዎቻችሁ ኬሚስትሪን አልመረጣችሁትም፤ ከፍሬሽማን በኋላ «ደርሷችሁ» ነው። ችግር የለውም። ብቻ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በኩርፊያ አትጨርሱት። ሞል (የቅንጣቶች መቁጠሪያው) እና ዳይሉሽን (ማቅጠን) ያኔ ካልገቧችሁ አራተኛ ዓመት ድረስ ይከተሏችኋል።

ፈተናዬ ቀላል ነው። 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ሰጥቼ «ቶታል ሃርድነሱን በኢዲቲኤ ለኩልኝ» እላለሁ። ውሃው ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም፣ ኢዲቲኤ የሚባል ፈሳሽ እየጨመሩ መለካት ነው፤ ታይትሬሽን ይሉታል። ከዚያ ዝም ብዬ አያለሁ። ቢዩሬቱን፣ ፈሳሹ የሚለካበትን ባለ መስመር የመስታወት ቱቦ፣ በውሃ ብቻ አጥቦ ይሞላዋል ወይስ በራሱ በኢዲቲኤው ያለቀልቀዋል? ጫፉ ላይ የቀረውን የአየር አረፋ ያስወጣል? ፈነሉንስ ያነሳል? ፒኤቹን 10 የሚያደርገውን በፈር ይጨምራል? ኢንዲኬተሩ (ማለቂያውን በቀለም የሚነግረን) ከወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ ሲቀየር ጠብታ በጠብታ መሄድ አለበት። እዚህ ጋ የሚቸኩል ብዙ ነው። በ0.01 ሞላር ኢዲቲኤ 6.20 ሚሊ ሊትር ከፈጀ በ20 ታባዙታላችሁ፤ 124 ሚሊግራም በሊትር፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ። 6.2 ብሎ የሚጽፍና 6.20 ብሎ የሚጽፍ ለእኔ አንድ አይደሉም፤ ያቺ ዜሮ እስከዚያ ድረስ ማንበቡን ትነግረኛለች። አንዴ ለክቶ የሚቀመጠውንማ ተዉት።

ይህን ሁሉ ግቢ ውስጥ ተምረውታል። ግን አንድ ቢዩሬት ለስድስት ተማሪ ሲሆን አንዱ ይሠራል፣ አንዷ ትመዘግባለች፣ የቀሩት ሪፖርት ይገለብጣሉ። እናንተ የሚሠራው ሁኑ። የላብ ቴክኒሻኑን ተወዳጁት፤ ከክፍል ውጭ ዕቃ የሚያስነካችሁ እሱ ነው። ማሽኑ ተበላሽቷል ከተባለም ማኑዋሉን ለምናችሁ አንብቡ። ካሊብሬሽን ከርቭ (መጠናቸው የታወቀ ናሙናዎችን ከማሽኑ ንባብ ጋር የሚያገናኘውን መስመር) በኤክሴል መሥራት ደግሞ ማሽን አይጠይቅም።

ከኮርሶች አናሊቲካልን (ምን እንዳለና ስንት እንዳለ መለካትን) አጥብቃችሁ ያዙ፤ እንጀራችሁ እሱ ነው። ኦርጋኒክ ሜካኒዝሙን (ሪአክሽኑ የሚሄድበትን ደረጃ በደረጃ) በእስክሪብቶ ደጋግሞ መሳል እንጂ ሽምደዳ አይወድም። ፊዚካል ያው ሒሳብ ነው። ኖቶቻችሁን አትጣሉ፤ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ የሁለተኛ ዓመቱ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል።

ሥራውስ? ማስተማር ብቻ የሚመስለው ሰው አሁንም አለ። መድኃኒት ፋብሪካዎች ኳሊቲ ኮንትሮል ይፈልጋሉ፤ እዚያ ኤችፒኤልሲ፣ ቅይጥን ነጣጥሎ የሚለካው ማሽን፣ የዕለት ዕቃ ነው። ሙገርና ደርባን የመሳሰሉ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ላብ አላቸው። ወንጂና መተሐራ ስኳር ላይ ብሪክስና ፖል (የጭማቂውን የሟሟ ጠጣርና የስኳር መጠን) ትለካላችሁ። ቢራ፣ ቆዳ፣ ቀለም፣ ሳሙና፣ የከተማ ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቶችም አሉ። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ግን ኬሚካል ኢንጂነሩም ፉድ ሳይንቲስቱም አብረዋችሁ እንደሚሰለፉ ዕወቁ። ፋብሪካው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ የሌሊት ሺፍትም አለ። ይህ የማይሆንላችሁ ከሆነ የላብ ዕቃና የኬሚካል አስመጪዎች ጋ ሽያጭ ሞክሩ። ኬሚስትሪ የገባውን ሻጭ እኛ ገዢዎቹ እንወዳለን።

ትምህርት መቀጠል የሚፈልግ ደግሞ፣ አሜሪካ በቢኤስሲ ብቻ ለፒኤችዲ ማመልከት ይቻላል። በኬሚስትሪ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ተሸፍኖ፣ በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር ረዳትነት የወር አበልም ይኖራል። ለዚህ ውጤት፣ እንግሊዝኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስም የሚያውቃችሁ መምህር ያስፈልጋል። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ስትመርጡ አማካሪውንም አብራችሁ ምረጡ።

ሲቪያችሁ ላይ ያልነካችሁትን ማሽን አትጻፉ። «ኤችፒኤልሲ» የሚል ካየሁ የትኛውን ኮለምን (መለያ ቱቦ)፣ የትኛውን ሞባይል ፌዝ (ናሙናውን የሚወስድ ፈሳሽ) እንደተጠቀማችሁ እጠይቃለሁ። ታይትሬሽን ብቻ ከሆነ የሠራችሁት «ታይትሬሽን» ብላችሁ ጻፉና ጋውናችሁን ይዛችሁ ኑ።