ብልሃርዝያን ለማስተማር አንድ ባዶ ቅርፊት

በባሕር ዳርና በጣና ዳር ትምህርት ቤቶች ስለ አንጀት ብልሃርዝያ የምታስተምሩ መምህራን፣ በሽታውን የሚያመጣውን ትል የሕይወት ዑደት ሰሌዳ ላይ ከመሳላችሁ በፊት ከሐይቁ ዳር የደረቀ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይዛችሁ ግቡ። (ሕይወት ያለውን ከውሃ ውስጥ በእጃችሁ እንዳታወጡ!) ጥፍር የምታህል ቅርፊት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የኋላ ወንበር ሳይቀር ይነቃል። ከዚያ «በሽታው የሚይዘን ውሃውን ስንጠጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ክፍል ብዙዎቹ «አዎ» ይላሉ። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው የትሉ እጭ ቆዳ በስቶ እንደሚገባ፣ የሚበዛውም ፀሐይ በበረታችበት፣ እነርሱ ለዋና በሚሮጡበት ሰዓት እንደሆነ ሲሰሙ ግን ጸጥ ይላሉ። የመጸዳጃ ቤትን ጉዳይ ያን ጊዜ አንሡ፤ የትሉ ዕንቁላል ሐይቁ ውስጥ የሚገባው ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ነውና።