«ሎግ ካቢን» የተሰኘው የአልጋ ልብስ አሠፋፍ
በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ በስፋት የታወቀው «ሎግ ካቢን» (የግንድ ጎጆ) የተሰኘው ንድፍ የሚጠይቀው አንድ ትንሽ ካሬ ጨርቅና 4 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ጥብጣቦች ብቻ ስለሆነ፣ ከልብስ ሰፊ የተረፈ ቁርጥራጭ ይበቃዋል። ጨርቆቹ ሁሉ ጥጥ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ታጥበውና ተተኩሰው ፈካ ያሉትና ጠቆር ያሉት ለየብቻ ይቀመጡ። የንድፉ ውበት የሚመነጨው ከቀለማቱ ዓይነት ይልቅ ከዚህ ልዩነት ነው፤ የሚያጠራጥር ጨርቅ ሲኖር ዓይንን አጥብቦ ከሌሎቹ ጋር ማስተያየት ይረዳል።

በልማድ ቀይ በሚሆነው መካከለኛ ካሬ ሁለት ተጎራባች ጎኖች ላይ ፈካ ያሉ ጥብጣቦች፣ በቀሩት ሁለት ጎኖች ላይ ደግሞ ጠቆር ያሉት እየተሰፉ ዙሩ ይደገማል፤ በዚህ መንገድ የተሠሩ በርካታ ትላልቅ ካሬዎች ኋላ ተጋጥመው የአልጋ ልብሱ የላይኛው ክፍል ይሆናሉ። ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለው ርቀት ሁልጊዜ 6 ሚሊሜትር ይሁን፤ ጥቂት እንኳ ቢዛነፍ ስሕተቱ በየዙሩ ስለሚጠራቀም ካሬዎቹ እርስ በርስ አይገጥሙም። ቀጣዩ ጥብጣብ ከመጨመሩ በፊት እያንዳንዱ ስፌት መተኮስ አለበት፤ አሰልቺ ቢሆንም በእኔ እምነት ከመስፋቱ የማይተናነስ ሥራ ነው።

ካሬዎቹ ከተጋጠሙ በኋላ ገበሩ ከታች፣ የጥጥ ንጣፉ ከመካከል፣ የተሰፋው ከላይ ተነጥፎ ሦስቱ በረዣዥም ጊዜያዊ ስፌት ይያያዛሉ። ዋናው ስፌት ከመሃል ወደ ዳር ይሂድ፤ ከዳር ከተጀመረ ጨርቁ መሃል ላይ ይኮማተራል። ጠርዙ ለሁለት በታጠፈ ጥብጣብ ይከፈፋል።